51 ኪሎ ወይስ 1734?

ጤና ይስጥልኝ! አካም ጅርቱ!

ስለ ድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ስለ ጃቫስክሪፕት ቁጥሮች እንዳወራላችሁ ተጠይቄ ነው የመጣሁት። እዚህ ጅማ ስለ ቁጥር ሲወራ የሰው ጆሮ የሚቆመው የቡና ዋጋ ሲነሳ ስለሆነ፣ እኔም ከቡና ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ቡና ነጋዴ የመረከቢያ ገጽ ሠርቼ ነበር። ከሚዛኑ ላይ የተነበበው ኪሎ በሳጥኖቹ ይጻፋል፣ ገጹ ይደምራል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ፈረሱላ ገባ፣ 17 ኪሎ። ቀጥሎ ሁለት ፈረሱላ፣ 34 ኪሎ። ገጹ ድምሩን 1734 አለው። ነጋዴው ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ስክሪኑን አዩና «ልጄ፣ ይሄ ቡና መንገድ ላይ ወለደ እንዴ?» አሉኝ።

ቡናው አልወለደም። ከገጽ ሳጥን የሚመጣ ነገር፣ ሰው ቁጥር ቢጽፍበትም፣ ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው። የመደመር ምልክቷ ደግሞ ሁለት ሥራ ይዛለች፦ ሁለቱም ቁጥር ከሆኑ ትደምራለች፣ ጽሑፍ ካየች ጎን ለጎን ትለጥፋለች። መቀነስ ግን አንድ ሥራ ብቻ ስላለው ያንኑ ጽሑፍ ራሱ ወደ ቁጥር ለውጦ 34 ሲቀነስ 17 በትክክል 17 ይላችኋል። እኔን ያሞኘኝም ይኸው ነው፤ መቀነሱን ሞክሬ ስለሠራልኝ መደመሩን ሳልሞክር አስረከብኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጽሑፉን «ናምበር» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር ለውጡ። እሱም ጠባይ አለው። ባዶ ሳጥን ብትሰጡት ዝም ብሎ 0 ይላል፤ ያልተመዘነ ቡና ዜሮ ኪሎ ሆኖ ይመዘገባል። «1,250» ብትሰጡት በኮማዋ ምክንያት «ናን» ይላችኋል፣ ቁጥር አይደለም ማለት ነው። ሌላው መለወጫ «ፓርስፍሎት» ደግሞ ኮማዋ ጋ ይቆምና 1 ብሎ ያልፋል። 1,250 ብር 1 ብር ሆነ ማለት ነው! እኔ «ናን» ብሎ የሚጣላኝን እመርጣለሁ። ናንን ለመያዝ ግን በእኩል ምልክት አታወዳድሩ፣ ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለምና። «ኢዝናን» የተሠራው ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ የግዕዙን ፭ ብትሰጡትም መልሱ ናን ነው።

አሁን ወደ ሳንቲም። ኮንሶል ላይ፣ ማለትም የአሳሹ የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ላይ፣ 0.1 ሲደመር 0.2 ብላችሁ ጻፉ፤ 0.30000000000000004 ይመጣል። ብዙ ሰው ጃቫስክሪፕትን የሚሰድበው እዚህ ጋ ነው። ብሬንዳን አይክ ቋንቋውን በ1995 በ10 ቀን ነው የሠራው ይባልና ጥፋቱ ከጥድፊያው ይመስላል። ግን አይደለም። ቁጥሮቹ የሚቀመጡት በ1985 በወጣ አይትሪፕልኢ 754 በሚባል የኮምፒውተር ቁጥር አቀማመጥ ደረጃ፣ በ64 ቢት፣ ማለትም በ64 የ0 እና የ1 ቦታዎች ነው፤ ሌላው ቋንቋ ፓይተንም ያንኑ መልስ ይሰጣል። 10 ብር ለሦስት ሰው ስታካፍሉ 3.33 እያለ እንደማያልቀው ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም በ0 እና በ1 ብቻ ሲጻፍ አያልቅም። ኮምፒውተሩ የሆነ ቦታ መቁረጥ አለበት።

በብር ላይ የሚያመጣውን ተመልከቱ። 4.35 ብርን ወደ ሳንቲም ለመለወጥ በ100 ብታባዙት 434.99999999999994 ይሆናል። ነጥቡን ቆርጣችሁ ከጣላችሁ አንድ ሳንቲም ጠፋች። በ«ማዝ ራውንድ» ካጠጋጋችሁት 435 ነው። የኔ ልማድ ብሩን ገና ሲገባ አጠጋግቼ በሙሉ ሳንቲም መያዝ ነው፤ ወደ ብር የምመልሰው ለማሳየት ብቻ ነው። ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ እንደሚታይ የሚወስነው «ቱፊክስድ»ም ለማሳያ ነው፤ የሚመልሰው ጽሑፍ ስለሆነ መልሳችሁ ብትደምሩት ያው 1734 ትሆናላችሁ።

ሙሉ ቁጥርም ድንበር አለው። ከ9007199254740991 በላይ ሲሄድ ጎረቤታሞቹ መምታታት ይጀምራሉ። ከ2020 ወዲህ ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሙሉ ቁጥር «ቢግኢንት» አለ። ረጅም የመታወቂያ ቁጥር ከሆነ ግን ማን ሊደምረው? ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጥ። ስልክም እንደዚያው፤ ቁጥር ካደረጋችሁት የፊቷ ዜሮ ትጠፋለች።

ጋሼ ገጹን አሁንም ይጠቀሙበታል። ማታ ማታ ግን ደብተራቸውን አውጥተው ድምሩን ያመሳክራሉ፤ እኔም ተዉት ብያቸው አላውቅም።

ላፕቶፕ የያዛችሁ ኮንሶሉን ክፈቱ፣ ጥያቄያችሁን እየሞከርን እንየው።