ጓደኞቻችን የት ገቡ?

ሜሮን፦ ናሆም፣ ዛሬ ቀጥታ ልግባ። ከሰው ጋር ለመገናኘት ብለን የምንከፍተው ገጽ ላይ ጓደኞቻችን የት ገቡ?

ናሆም፦ ይሄ ጥያቄሽ ፍርድ ቤት ደርሷል እኮ! የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የፌስቡክና የኢንስታግራምን ባለቤት ሜታን «ገበያውን ብቻህን ይዘሃል» ብሎ ከሶት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ውሳኔ ወጣ። እዚያ ላይ እንደሰፈረው፣ ሰው ፌስቡክ ላይ ከሚያሳልፈው ጊዜ ጓደኞቹ የለጠፉትን የሚያይበት 17 በመቶው ብቻ ነው። ኢንስታግራም ላይ ደግሞ 7 በመቶ።

ሜሮን፦ ሰባት?! ሌላውስ?

ናሆም፦ በአብዛኛው የማናውቃቸው ሰዎች ቪዲዮ። አልጎሪዝሙ «ይሄ ያቆያቸዋል» ብሎ የመረጠው። የሚገርምሽ፣ ሜታ ራሱ ነው በዚህ የተከራከረው። «ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ጋር ነው የምፎካከረው፣ ገበያውን ብቻዬን አልያዝኩም» ለማለት። ረታም።

ሜሮን፦ እ.ኤ.አ. በ2018 እኮ የሜታ አለቃ ዙከርበርግ «ትርጉም ያለው ግንኙነት እናስቀድማለን» ብሎ ነበር።

ናሆም፦ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ግን ማሽን ትርጉምን በምን ይለካዋል? ኮሜንት ይቆጥራል፣ ሼር ይቆጥራል። ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የንዴቷ ምልክት የላይክን 5 እጥፍ ነጥብ ታገኝ ነበር። በ2021 ሾልከው ከወጡ የኩባንያው ሰነዶች ነው የታወቀው።

ሜሮን፦ ስለዚህ አንዷ «እናትሽ ተሻላቸው?» ብላ ብትጽፍልኝ፣ እኔም «ተመስገን» ብዬ ብመልስ፣ በቃ እዚያው አለቀ። ሌላው መጥቶ ቢሰድበኝ ግን እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ ይመልሳል፣ የማላውቃቸው ሰዎች ገብተው ያራግባሉ...

ናሆም፦ ስድቡ አሸነፈ! ለብዙ ሰው የሚታየው እሱ ነው።

ሜሮን፦ አውቀው የሚነግዱበትስ? ቀላል ሒሳብ ለጥፎ «ብዙ ሰው ይሳሳታል» የሚል አለ። ሆን ብሎ ስህተት ጽፎ የሚሄድም አለ። ሰው ለማረም ይጋፋል። እሱ ማረሚያውን አያነበውም፣ ቁጥሩን ነው የሚያየው።

ናሆም፦ «አሜን ሳትል እንዳታልፍ» የሚለውን አትርሺ። ፌስቡክ በ2017 መጨረሻ እንዲህ ያለውን ወደ ታች እንገፋለን ብሎ ነበር። ይኸው እስካሁን አለ። ኤክስ፣ የድሮው ትዊተር፣ ደግሞ በ2023 ለጸሐፊዎች ገንዘብ ማካፈል ሲጀምር፣ ክፍያው የመጣው ከልጥፉ ሥር፣ በምላሾቹ መሀል ከሚታየው ማስታወቂያ ነበር።

ሜሮን፦ ጭቅጭቅ በረዘመ ቁጥር ብር ማለት ነው!

ናሆም፦ እንዴታ።

ሜሮን፦ እኔ ግን ማስታወቂያ በመኖሩ ብቻ አልከፋም። ሰርቨሩን በነፃ የሚያንቀሳቅስልን የለም።

ናሆም፦ እኔም ማስታወቂያውን አይደለም የምጠላው። ጉዳዬን ጨርሼ ቶሎ ከወጣሁ ለእነሱ ኪሳራ መሆኔ ነው የሚያናድደኝ። ሜታ ከገቢው ከ95 በመቶ በላይ የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። እኔ ቶሎ እንድወጣ ለምን ይፈልጋል?

ሜሮን፦ ፍትሐዊ እንሁን፣ አንዳንዴ ጥቅማቸውን ይቀንሳሉ። በዚያው በ2018 መጀመሪያ፣ ዙከርበርግ በብዛት የሚዛመቱ ቪዲዮዎችን በመቀነሳቸው ሰው ፌስቡክ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ በቀን 50 ሚሊዮን ሰዓት ገደማ መቀነሱን ለባለሀብቶች ተናግሯል።

ናሆም፦ እሺ፣ ይሄን እሰጥሻለሁ። ከዚያ በኋላስ? ሪልስ የሚባለው አጫጭር ቪዲዮ መጣ።

ሜሮን፦ ሃሃ! እሱስ እውነት ነው። በ2022 ኢንስታግራም ያመጣውን አማራጭ ሞክረሃል? የምትከተላቸውን ብቻ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳየውን።

ናሆም፦ ሞክሬዋለሁ። ሲጀመር ቋሚ ማድረግ አይቻልም ነበር። በከፈትሽው ቁጥር የድሮው ይመጣል።

ሜሮን፦ እሱን ቋሚ ቢያደርጉልኝ በየወሩ እከፍላለሁ። የምሬን ነው።

ናሆም፦ እኔ አምስት ሳንቲም አልከፍልም። የገዛ ጓደኞቼን ለማየት?