«ይነሱ» ያለችኝ እርሷ ብቻ ነበረች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ስለ ዳሌዬ ላወራችሁ ነው።

73 ዓመቴ ነው። ሌሊት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ እርጥብ ወለል አዳለጠኝና በጎኔ ወደቅሁ። ለሳሳ አጥንት ከቁመት ልክ መውደቅ ይበቃዋል፤ የአብዛኞቻችን የአረጋውያን ዳሌ የሚሰበረውም እንዲሁ ነው። በማግስቱ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ አጥንቱ በብረት ተያዘ። ስለዚያ የምለው የለኝም፤ እንቅልፍ ላይ ነበርሁ።

በነጋታው ጠዋት የልጅ ልጄ የምታህል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባለ አራት እግር መደገፊያ ይዛ መጣችና «ይነሱ፣ እማማ» አለችኝ። ያበደች መሰለኝ። ትናንት የተሰፋ እግር! እርሷ ግን ረጋ ብላ አስረዳችኝ፤ ብረቱ የገባው እንድቆምበት ነው፤ ተኝቶ መክረም የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ያመጣል፤ ጡንቻም ይሟሽሻል። ቆምሁ። ሦስት እርምጃ ሄጄ ላብ አጠመቀኝ።

ቤት ስገባ ነገሩ ተገለበጠ። «እማዬ፣ አረፍ በይ።» «እማዬ፣ እኔ ላምጣልሽ።» ልጆቼ ከወንበሬ ብድግ ባልሁ ቁጥር ይደነግጣሉ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ፈርቻለሁና። አጥንቱ በሦስት ወር ገደማ ገጠመ፤ እኔ ግን ወለሉን ማመን አቃተኝ። እግሬን ከማንሳቴ በፊት የምንጣፉን ጠርዝ፣ የበሩን ደፍ፣ የድመቷን ጅራት አያለሁ። ፍርሃት በራጅ አይታይም። ሐኪሙ ምስሉን ተመልክቶ «በጣም ጥሩ ነው» ሲለኝ፣ እኔ ክፍሉ ውስጥ የገባሁት ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ዳሌው ከተሰበረ አረጋዊ ወደ ቀድሞ አካሄዱ የሚመለሰው ከሁለቱ አንዱ ያህል ነው፤ «እንዴት ይዞዎታል፣ መሄድ ይፈራሉ?» ብሎ መጠየቅ ግን ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

የጠየቀችኝ ያችው «ይነሱ» ያለችኝ ባለሙያ ናት። ከዘራዬን በተሰበረው እግር በኩል ይዤ ስታየኝ ሳቀችና ወደ ሌላኛው እጄ አዛወረችው። ደረጃ ስወጣ ደህናው እግር እንዲቀድም፣ ስወርድ የተሰበረው እንዲቀድም አስለመደችኝ። አንድ ቀን ደግሞ «ቤት ውስጥ በጣም የናፈቀዎት ምንድን ነው?» አለችኝ። ውሃ ቀድቼ መጠጣት አልኋት። መደገፊያ የያዘ ሰው ሁለቱም እጆቹ ታስረዋል፤ አንዲት ብርጭቆ ከማእድ ቤት ሳሎን ማሻገር አይችልም። ከወራት በኋላ በከዘራ ብቻ መሄድ ስጀምር አንድ እጄ ተፈታ።

ባለፈው ሳምንት ሞከርሁት። ልጄ እኔ ላምጣልሽ ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ ገሠጽኋት። ሳሎን ስደርስ ግማሹ ፈስሷል። እርሷም መወልወያ ይዛ ሮጠች፤ ያዳለጠኝ እርጥብ ወለል መሆኑን አልረሳችም። በዚህስ አልተቆጣኋትም። ቁጭ ብዬ የቀረውን ጠጣሁ።