ቫይረሱ ከጠፋ በኋላስ? የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና የጨረሱ የወሎ አድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ጉበትን ስለሚያጠቃው ቫይረስ፣ ስለ ሄፓታይተስ ሲ ሲነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ መድኃኒቱ ነው። በዛሬው ዝግጅት የደወላችሁት ግን አብዛኞቻችሁ ክኒኑን የጨረሳችሁ ናችሁ። በጣም ደስ ብሎኛል። «ከዳንኩ በኋላ ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ ጉበት የሚጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው። በየተራ እንሂድ።

ከደሴ፣ ሙጋድ፦ የሦስት ወሩን ክኒን ጨርሼ «ቫይረሱ የለም» ተብያለሁ። ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ ስመረመር ግን «ሄፓታይተስ ሲ አለብሽ» አሉኝ። ተመለሰብኝ ማለት ነው?

አብሽሪ እህቴ። ከጣትሽ ደም ወስደው በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚነግሩሽ ምርመራ ቫይረሱን አያይም። የሚያየው አንቲቦዲን ነው። አንቲቦዲ ሰውነትሽ ከቫይረሱ ጋር ሲታገል የሠራው ነገር ነው፤ ቫይረሱ ከጠፋ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አብሮሽ ይኖራል። ስለዚህ ያ ምርመራ ወደፊትም «ፖዘቲቭ» ሊልሽ ይችላል። መዳንሽን የሚነግርሽ ቫይረሱን ራሱን ደምሽ ውስጥ የሚፈልገው፣ ቫይራል ሎድ የሚባለው ምርመራ ነው፤ እሱም ክኒኑ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ይሠራል። ያኔ ቫይረስ ካልታየ ድነሻል። «የለም» ያሉሽ ክኒኑን እንደጨረስሽ ከሆነ ግን 12 ሳምንቱን ጠብቀሽ ድገሚው።

ለታካሚዎቼ ሁሉ የምለውን ለአንቺም ልበልሽ። ያቺን የቫይራል ሎድ ወረቀት አትጣያት። በስልክሽ ፎቶ አንሻት፤ ዋናዋን ላስቲክ ውስጥ አድርገሽ ከልጆችሽ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጫት። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ሲመጣ የምታሳዪው እሷን ነው። ደም መለገስ ግን ከእንግዲህ አይቻልም።

ከቦሩ ሜዳ፦ ቡና ተከልክያለሁ ወይ?

አልተከለከሉም እናቴ። እንዲያውም ቡና ጉበትን እንደሚጠቅም ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል። አቦሉንም ቶናውንም ይጠጡ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ በረካውን ይተዉት።

ከኮምቦልቻ፦ ክኒኑን ከጨረስኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ፋብሪካ ነው የምሠራው። ፈረቃዬ ሲያልቅ እግሬ አልሄድ ይለኛል። ሰው ደግሞ «ድነህ የለ እንዴ?» ይለኛል።

ድካምህ እውነተኛ ነው ወንድሜ፤ ማንም ሰነፍ አይበልህ። ቫይረሱ ምናልባት ለብዙ ዓመታት ጉበትህን ሲያቆስል ኖሯል። ቫይረሱ ሲጠፋ ቁስሉ በማግስቱ አይደርቅም። ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱ ይመለስለታል፤ ወራት የሚፈጅበትም አለ። በእረፍት ቀንህ ሙሉ ቀን አትተኛ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግርህ ሂድ፤ ሲበረታልህ ጨምር። ፈረቃ ቢለዋወጥብህም የእንቅልፍ ሰዓትህን በተቻለህ መጠን አታናጋ።

አሁን ሳትነግረኝ የቀረኸውን ልጠይቅህ። ድካሙን ለመርሳት ጫት ትቅማለህ? የምትቅም ከሆነ ጫቱ ድካሙን ለሰዓታት ይሸፍነዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳሃል፣ ጠዋት የባሰ ደክመህ ትነሳለህ። አዘውትረው በሚቅሙ ሰዎች ላይ የጉበት ጉዳት መታየቱም የታወቀ ነው። ከሕመም ገና የወጣ ጉበት አታስቸግር።

ድካሙ ሌላ አንድ ወር ካለፈ ግን ተመርመር። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት ሁሉም እንዲህ ያደክማሉ። ሄፓታይተስ ቢ ተመርምረህ እንደሆነም ጠይቅ። የሲ መድኃኒት ሲወሰድ ተኝቶ የነበረ ቢ ሊቀሰቀስ ይችላል። ቢ ከሌለብህ ክትባት አለው፤ ተከተብ። ለሲ ክትባት የለም።

ከመርሳ፦ አማቴ የወፍ በሽታ መድኃኒት ከሚያውቅ ሰው ተወቅጦ በማር የተለወሰ ሥር አምጥተውልኛል። «ክኒኑ ቫይረሱን ገደለው፤ ይሄ ደግሞ ጉበትሽን ያጥበዋል» አሉኝ። ልውሰደው?

አትውሰጂው። አንድ ማንኪያም፣ በጣትሽ ጫፍም አትቅመሺው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር ታገሡኝ፤ የዳነ ሰው ታሞ ተመልሶ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። ጉበት የሚታጠብ ዕቃ አይደለም። ራሱ ነው አጣቢው። የምትውጪው ነገር ሁሉ ከአንጀትሽ ተነስቶ በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት ይሄዳል። ምግቡን ከመርዙ የሚለየው እሱ ነው። ያ የተወቀጠ ሥር መርዝ ካለው መጀመሪያ የሚመታው ሊያጥበው የተባለውን ጉበት ነው። መጠኑ አይታወቅም፤ በጣት ተቆንጥሮ ነው የሚሰጠው። ምን ከምን ጋር እንደተቀላቀለም አይነገርሽም። በትግራይ ሰሜን ምዕራብ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ብዙ ሰው ለከባድ የጉበት በሽታ ዳርጎ ነበር። ያ ሁሉ ጉዳት የደረሰው ከአረም ነው። «የተፈጥሮ ነው፣ ምን ያደርጋል» አትበሉኝ።

«እገሌ ጠጥቶ ድኗል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ ድኖ ሊሆን ይችላል። ዓይን ቢጫ ከሚያደርጉት ሕመሞች ውስጥ ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ። ሰውየው በዚያው ሰሞን ሥሩን ጠጥቶ ይሆናል። ምስጋናው ለሥሩ ይሰጣል። ሲ ግን እንዲህ አይደለም። ዓይን ሳያቢጭ፣ ሕመም ሳይሰማ ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ «ጠጥቼ ደህና ነኝ» ማለት ለሲ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጠው «ጉበት የሚያጸዳ» እንክብልም ያው ነው። አረንጓዴ ቅጠል ስለተሳለበት አትመኑት። ወጥ ውስጥ የሚገባ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ ችግር የለውም፤ እሱ ምግብ ነው። ቀድሞውኑ የጠጣ ካለ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገር። አንቆጣም። የሚጎዳው መደበቁ ነው፤ ምን እንደተጠጣ ሳናውቅ ለማከም እንቸገራለን።

ሌላም አደጋ አለው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በሚሰጥበት ቤት ብዙ ጊዜ ዋግምትም አለ። አንዱን ሰው የቆረጠ ምላጭ ሌላውን ሲቆርጥ ሲ የሚተላለፍበት መንገድ ያ ነው። እባካችሁ፣ ምላጭ የየራስ! ይህን ሁሌም እላለሁ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። አንድ ጊዜ መዳን ሁለተኛ ከመያዝ አያድንም። አንቲቦዲው አይከላከልልንም።

አማትሽን ግን እንዳታስቀይሚያቸው። የጠቀሙሽ መስሏቸው ነው ያመጡልሽ። «ሐኪሙ አጥብቆ ከለከለኝ» በያቸው፤ በእኔ አሳቢ። በምትኩ ምስር ወጥ ይሥሩልሽ፣ እንቁላል ይጥበሱልሽ። ጉበትሽ የሚፈልገው እሱን ነው።

ከባቲ፦ ባለቤቴ ታክሞ ድኗል። እኔና ልጆቼ እንመርመር?

አንቺ አንድ ጊዜ ተመርመሪ። አንቺ ላይ ከተገኘ ልጆችሽም ይመርመሩ። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ የየራሳችሁ ይሁን።

ከደላንታ፦ ከልጆቼ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት እችላለሁ?

ይብሉ፣ ያጉርሱ፣ ያቅፉ። ታመው በነበረ ጊዜም ይቻል ነበር። ሲ የሚተላለፈው በደም ነው።

ከሐይቅ፣ አስተማሪ ነኝ፦ «ድነሃል» ሲሉኝ በደስታ የምዘል መስሎኝ ነበር። ባዶ ሆንኩ። ሌሊት እነቃለሁ። ሆዴን ትንሽ ከቆረጠኝ «ተመለሰ» እላለሁ። ቤት ውስጥ ለብቻዬ የተለየው ብርጭቆም እስካሁን እንደተለየ ነው።

ወንድሜ፣ ስለደወልክ አመሰግንሃለሁ። ይህን ብዙ ሰው ውስጥ ውስጡን ይዞት ይዞራል፤ አውጥቶ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ለወራት ሐሳብህ ሁሉ ክኒኑና ቀጠሮው ላይ ነበር። ለመፍራት እንኳ ጊዜ አልነበረህም። አሁን ሲያበቃ የቆየው ፍርሃት ወጣ። ይህ የእምነት ማነስም የምስጋና ቢስነትም አይደለም። መድኃኒቱ አእምሮህን አበላሽቶት ይሆን ብለህም አትስጋ። ቀድሞ ኢንተርፌሮን የሚባል መርፌ ነበር። ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ይወሰድ ነበር፤ ብዙዎችን ለከባድ ድብርት ዳርጓል። «የሲ መድኃኒት ያሳብዳል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ ነው። አንተ የወሰድከው የአሁኑ ክኒን እንደዚያ አይደለም።

በየወሩ ቫይራል ሎድ እየሠራህ ገንዘብህንም ልብህንም አትጨርስ። የ12 ሳምንቱ ውጤት ንጹህ ከሆነ ያቺን ወረቀት አውጥተህ አንብባት። የልብህን የምትነግረው አንድ ሰው ይኑርህ። ዱዓም ይሁን ጠበል የሚያጽናናህን ያዝ፤ ከሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል።

ለቤተሰቡ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ያንን ብርጭቆ ዛሬ ማታ አንሱትና ከሌሎቹ ጋር ደርድሩት። በእሱ የቤቱ ልጅ ይጠጣበት። የተለየ ብርጭቆ በቀን ስንት ጊዜ «አንተ በሽተኛ ነህ» ይለዋል መሰላችሁ? እናንተ ምንም ክፉ ባታስቡም እሱ እንዲያ ነው የሚሰማው።

ኀዘኑ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ነገር ሁሉ ማስጠላቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እይ። መሞት መሻት ከመጣብህ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ። ያን ቀን፣ ያን ሰዓት አጠገብህ ላለ ሰው ንገርና ሆስፒታል ሂድ።

ከቆቦ፦ ከጉድጓድ ያወጣነው ማሽላ ከዳር ከዳሩ ሻግቷል። ታጥቦ ፀሐይ ቢመታው አይበላም?

አይበሉት። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። መርዙ ከጊዜ ብዛት የጉበት ካንሰር ያመጣል። ማጠብም መጋገርም አያጠፋውም። በሻገተ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬም እንዲሁ ነው። እህል መድፋት እንደሚያም አውቃለሁ አባቴ፤ ቢሆንም የሻገተውን ለዩት።

ከከሚሴ፦ ወደ ዐረብ አገር ልሄድ የጤና ምርመራ ሳደርግ ወደቅሁ። ድኛለሁ፣ ቫይራል ሎዴ ንጹህ ነው። ምን ላድርግ?

ልጄ፣ ያሳዝናል። አንዳንድ አገሮች ለሠራተኛ ምርመራ የሚያዩት አንቲቦዲውን ነው፤ መዳንሽን አያዩም። መውደቅሽ ግን ታመሻል ማለት አይደለም። ወረቀትሽን ይዘሽ የቫይራል ሎድ ውጤት ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂ። ይህን ሳታረጋግጪ ለደላላ ሳንቲም አትክፈይ። በሌላ ሰው ደም ልናሳልፍሽ የሚሉሽንም፣ በባሕር እንውሰድሽ የሚሉሽንም አትስሚ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ነው፤ በዚያ መንገድ ሄደው ያልተመለሱ ልጆች ያሉበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለን።

ከላሊበላ፦ ለበዓል አንድ ጣሳ ጠላ?

ጉበትህ ላይ ጠባሳ ካለ አንድም ጠብታ አይቻልም። ከሌለም ተወው። ቀሪቦ አለልህ። አረቄማ አታንሳብኝ።

ከወልዲያ፦ ሽማግሌ ነኝ። «ጉበትዎ ጠባሳ ይዟል፣ በየስድስት ወሩ ይምጡ» ብለውኛል። ቫይረሱ ከጠፋ ምን ያመላልሰኛል? ጉልበቴንም ያመኛል። ረመዳንስ መጾም እችላለሁ?

አባቴ፣ ይመላለሱ። ሲሮሲስ የሚባለው ጠባሳ ካለ ቫይረሱ ቢጠፋም የጉበት ካንሰር ስጋቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ የሚያነሡት ቢመጣ ገና ትንሽ ሳለ ለመያዝ ነው። ትንሽ ሳለ ከተያዘ ማድረግ የሚቻል ነገር አለ። ሆድ ከነፋ በኋላ ግን እጃችን ያጥራል። ስለዚህ ደህና ነኝ ብለው አይቅሩ።

ለጉልበትዎ ዳይክሎፌናክም አይቡፕሮፌንም አይውሰዱ፣ መርፌውንም አይወጉ። ጠባሳ ላለበት ሰው ኩላሊትን ሊጎዱ፣ ሆድ ውስጥ ሊያደሙም ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል። በቀን ግን ከአራት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ አይለፍ። ቡናዎን በጨው የሚጠጡ ከሆነ ጨውዎን ይተዉት። ውሃ ሰውነት ውስጥ ያስቀራል። ማታ ሳይበሉ አይተኙ።

ጾሙን በተመለከተ፦ ጠባሳ ለሌለበት የዳነ ሰው በአብዛኛው ችግር የለውም። ለእርስዎ ግን በስልክ «ይጹሙ» አልልዎትም። ሐኪምዎን ያማክሩ። ከከለከልዎ ለታመመ ሰው የተፈቀደ መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

ከተንታ፦ አባቴ ባለፈው ዓመት ክኒኑን ጨርሶ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ሰገራው እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። ዛሬ ሲያወራ ይዘባርቃል። እስከ ሰኞ ብንጠብቅ?

አትጠብቁ። ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል፤ መዘባረቁም ከጉበቱ ሊሆን ይችላል። ምንም መድኃኒት አትስጡት፤ በተለይ የእንቅልፍም የሕመም ማስታገሻም። ብቻውን አይተው፤ በጎኑ አስተኙት። ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ አድርሱትና ሪፈር ያጽፉለት፤ የሕክምና ወረቀቶቹንም ያዙ። አሁን ስልኩን ዝጋና መኪና ፈልግ።