ገንዘብ ሠራው፣ ማጣት አቆየው

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ሰፎክ ነው፤ በምሥራቅ እንግሊዝ ከባሕሩ አጠገብ ያለች የገጠር አውራጃ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ስለ ድሮ ሕንፃ ሲወራ «አባቶች ጠብቀው አቆዩልን» ማለት ይቀናናል። ሰፎክን ሳስብ ግን ይሄ ብዙም አይዋጥልኝም። እዚያ ብዙው ነገር የተረፈው አፍርሶ የሚሠራበት ገንዘብ ስለጠፋ ነው።

ላቨናም የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ከመንደር ብዙም አትበልጥም። በ1500ዎቹ መጀመሪያ ግን ከእንግሊዝ ሀብታም ከተሞች ተርታ ነበረች። ሀብቷ የበግ ጠጉር ነው፤ ሰማያዊ የተነከረ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ሠርታ ባሕር ማዶ ድረስ ትሸጥ ነበር። ቶማስ ስፕሪንግ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ በ1523 ሲሞት ለቤተ ክርስቲያኑ ማማ ማሠሪያ 200 ፓውንድ ተናዘዘ። 43 ሜትር ገደማ የሚሆነው ማማ ላይ የቤተሰቡ አርማ ተደጋግሞ ተቀርጿል። ለእግዜሩም ለጎረቤቱም እንዲታይ መሆን አለበት።

ከዚያ ገበያው ፊቱን አዞረ። ከኔዘርላንድ አካባቢ ተሰደው የመጡ ሸማኔዎች ኮልቸስተር በምትባል ከተማ ቀለል ያለና ርካሽ ጨርቅ ይሠሩ ጀመር። የላቨናምን የሚፈልግ ጠፋ። ሌላው አገር ባለጸጋው የአያቱን ቤት እያፈረሰ በጡብ ሲገነባ፣ ላቨናም አቅም አልነበራትም። ቤቶቹ እንደቆሙ ቀሩ፤ እንደተጣመሙ ብል ይሻላል። አሠራራቸው ከእኛ ጭቃ ቤት አይርቅም፤ የእንጨት ምሰሶ፣ በመሃሉ የተጠላለፈ ጭራሮ፣ ላዩ ላይ ጭቃ። በ1530 አካባቢ የተሠራው የማኅበር አዳራሽ እንኳ እስር ቤትም የድሆች ማደሪያም ሆኖ አሳልፎ ዛሬም አለ።

ሎንግ ሜልፈርድ ከዚያ ቅርብ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ውጪ ግድግዳ ላይ ያሠሩት ሰዎች ስም ተቀርጾ «ለነፍሳቸው ጸልዩ» ይላል። በብራና መጽሐፍ ላይ «በጸሎታችሁ አስቡኝ» የሚለውን ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ዌንሃስተን በምትባል የሰፎክ መንደር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለውን ሥዕል ነው። ሳንቃ ላይ የተሳለ የምጽአት ፍርድ፣ 500 ዓመት ገደማ የሆነው። ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ይመዝናል። ንጉሡና ጳጳሱ ራቁታቸውን ቀርበዋል፤ የራሳቸውን ዘውድና አክሊል ግን አላወለቁም! የፕሮቴስታንት ተሐድሶ ሲመጣ ሥዕል ነውር ሆነና በኖራ ለቀለቁት። ከ300 ዓመት በላይ ያየው የለም። በ1892 ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ ሳንቃዎቹ እንደ አሮጌ እንጨት ተነቅለው ግቢ ውስጥ ተጣሉ። ሌሊት ዝናብ ጣለ። ኖራው ታጠበና ፊቶች ብቅ አሉ። መሃሉ ላይ ባዶ የመስቀል ቅርጽ ይታያል፤ ከእንጨት የተቀረጸው ስቅለት የነበረበት ቦታ ነው። እሱን ኖራ አልሸፈነውም፣ ተነቅሎ ሄደ።

ብላይዝበራ የምትባል ሌላ የሰፎክ መንደር ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ የእንጨት መላእክት አሉ። በ1644 ዊሊያም ዳውሲንግ የተባለ ምስል አጥፊ ሹም መጥቶ 20 መላእክት እንዲወርዱ አዞ ነበር። ክንፎቹ ላይ የጥይት ምልክት ስላለ ሕዝቡ «የዳውሲንግ ሰዎች ናቸው» ሲል ኖረ። ሲመረመር ግን የጥይቱ እርሳስ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሆኖ ተገኘ። ለካ የተተኮሰው ጣሪያው ውስጥ በሰፈሩ ቁራዎች ላይ ነው። ምስኪን ዳውሲንግ፣ ያላጠፋውንም ተሸከመ።

ድህነትን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዚሁ የብላይዝበራ ጣሪያ እያፈሰሰ ምእመናኑ ዣንጥላ ዘርግተው ይጸልዩ ነበር፤ በ1881 ጳጳሱ አደገኛ ነው ብለው እስኪዘጉት ድረስ። ከዚያ ገንዘብ ተለምኖ ነው የታደሰው። የምትሄዱ ካላችሁ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያዙ፣ መላእክቱ ሩቅ ናቸው።