የብድር ጣሪያ በሕገ መንግሥት ይጻፍ

የተከበራችሁ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ ወጣቶች፤ የእሑድ ዕረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከዚህ እልፍ ሲባል የአዳማው ፈጣን መንገድ ይጀምራል። አብዛኛው ወጪው የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነው። መንገዱ ጠቅሞናል፤ ብድር ሁሉ ክፉ ነው ልላችሁ አልመጣሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። መንግሥት እስከ ስንት ይበደራል? በቃ የሚለውስ ማን ነው?

ሕገ መንግሥታችን ማን ምን ግብር እንደሚሰበስብ ዘርዝሯል። አንቀጽ 100 ደግሞ የግብሩ መጠን ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር እንዲመጣጠን ያዛል። ይህችን አንቀጽ እባካችሁ ያዟት፤ የንብረት ታክስ ሲነሳ ትጠቅማችኋለች። ወደ ብድር ስንመጣ ግን ነገሩ ይሳሳል። አንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥት እንዲበደር ይፈቅዳል፤ ክልሎች ከሀገር ውስጥ የሚበደሩበትን ሁኔታም እሱው በሕግ ይወስናል። ለራሱ ለፌዴራሉ የተቀመጠ ጣሪያ የለም።

ውጤቱን እያየነው ነው። የ2017 በጀት ሲጸድቅ 971 ቢሊዮን ብር ነበር። ዓመቱ ሳይጋመስ 582 ቢሊዮን ብር ተጨመረ። የምንዛሬ ለውጡ ጫና እንዳመጣ አውቃለሁ። ግን ከበጀቱ ግማሽ የሚበልጥ ጭማሪ እንደማንኛውም ሕግ በተራ የድምፅ ብልጫ ማለፍ አልነበረበትም! በ2007 ለተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድም በታኅሣሥ 2016 መከፈል የነበረበት 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ።

ፖላንድ እ.ኤ.አ. በ1997 ሕገ መንግሥቷ የመንግሥት ዕዳ ከዓመታዊ ምርቷ ሦስት አምስተኛ እንዳያልፍ ከልክላለች። ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ2009 ገደብ ጽፋለች፤ ለአደጋ ጊዜ በር ትታለች። እ.ኤ.አ. በ2025 ለመከላከያ ወጪ ስታላላው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ አስፈልጓታል። የምወደው ይህን ነው። ገደቡ ይነካል፤ ሲነካ ግን በአደባባይ ተከራክረውበት ነው።

ድርቅና ጦርነት ባለበት ሀገር ገደብ እጅ ያስራል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይነሳ፤ ሲነሳም መቼ እንደሚመለስ ቀኑ ይቆረጥ።

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል በተባለ ቁጥር ሁላችንም የመገንጠል መብትን የያዘው አንቀጽ 39 ላይ እንረባረባለን። የልጆቻችን ዕዳም ወንበር ይሰጠው። ረቂቅ ጥያቄያችን በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። አንብቡት፤ የማትስማሙበት ካለ ዳር ላይ ጻፉበት። ከዚያ ለምክር ቤት ተመራጫችን እንወስደዋለን።