ስንት ቀረህ?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ዝግ ካለባችሁ ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኛል።

በሰው በሽታ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቀንቻለሁ። በአጎቴ በሽታ።

አጎቴ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው፣ ታክሲ ይነዳል። ሄፓታይተስ ሲ ነበረበት። እኔ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢ አለብኝ። ያወቅኩት ደም ለግሼ ነው። ደሜን መርምረው ጠሩኝና ነገሩኝ። ሰው ሁለቱንም «የጉበት ቫይረስ» ብሎ ያልፋቸዋል። የአጎቴ በ12 ሳምንት ጠፋ። የእኔ ይኸው ሰባት ዓመቱ፣ አለ።

እንዲህ ስል አጎቴ በቀላሉ ተገላገለ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ የሰጡት ኢንተርፌሮን ነበር። በሳምንት አንድ መርፌ፣ ለ48 ሳምንት። ኢንተርፌሮን የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ ነገር ነው። ጉንፋን ሲይዘን ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል። አሁን እኔን ብርድ ብርድ የሚለኝ፣ የሚቆረጥመኝ፣ ከቫይረሱ ይልቅ በአብዛኛው የራሴ ሰውነት የሚለቀው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ይሄንን በመርፌ፣ በየሳምንቱ፣ ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው አስቡት። አርብ ማታ ይወጋና ቅዳሜና እሁድን ብርድ ልብስ ውስጥ ያሳልፋል።

ከመርፌው ጋር ሪባቫይሪን የሚባል ክኒን ነበረ። እሱ ደግሞ ቀይ የደም ሴልን ያፈርሳል። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ነበር። ይሄንንም ቻለው። ያቃተው ሐዘኑ ነው። ኢንተርፌሮን ድባቴ ያመጣል። መኪናውን ጥግ አስይዞ ያለቅስ ነበር። ያኔ ለማንም አልተናገረም፣ እኔም የሰማሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። በስድስተኛው ወር ሐኪሞቹ ራሳቸው አስቆሙት። ቫይረሱ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ሶፎስቡቪር የሚባል ክኒን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የአንዷ ፍሬ ዋጋ 1,000 ዶላር ነበር። የ12 ሳምንቱ 84,000። ኢንሹራንሱ ባይከፍልለት በታክሲ ሥራ አይሞከርም። «አንዷ ከእጄ ብትወድቅ ሶፋውን ገልብጬ ነበር የምፈልጋት» ይላል። የጎንዮሽ ጉዳቱስ? ትንሽ ራስ ምታት፣ ትንሽ ድካም። በቃ። ከመጀመሩ በፊት ግን ቢም ይኖርበት እንደሆነ መርምረውታል። ሁለቱም ያሉበት ሰው ላይ ሲው ሲጠፋ ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላል።

ክኒኑን ከጨረሰ በኋላ ሌላ 12 ሳምንት ጠብቀው መረመሩት። ንጹሕ። እኩለ ሌሊት ላይ ደወለልኝ። «ጨረስኩ!» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፣ ከልቤ ነው። ስልኩን ስዘጋው ግን ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተቀመጠ። ምቀኝነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የገረመኝ የሁለታችን መድኃኒት የሚሠራበት ዘዴ አንድ መሆኑ ነው። እኔ የምወስደው ቴኖፎቪር ነው፣ 300 ሚሊግራም፣ በቀን አንድ። ቫይረሱ ሲባዛ ዘሩን እንደ ዶቃ አንድ በአንድ ይሰካል። መድኃኒቱ ከመካከል የውሸት ዶቃ ያቀብለዋል። ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል። ቀዳዳው ግን በአንድ በኩል ብቻ ነው። እሱ ከተሰካ ቀጣዩ አይገባም፣ ክሩ እዚያው ያበቃል። ሶፎስቡቪርም ይሄንኑ ነው የሚያደርገው።

ታዲያ ለምን እሱ ዳነ፣ እኔ አልዳንኩም? የሲ ቫይረስ ጓዳ የለውም። የሚኖረው በመባዛት ነው። መባዛቱን ስትዘጉበት ያልቅለታል። ቢ ግን የጉበት ሴሉ ኒውክለስ ድረስ ገብቶ ዋናውን ቅጂ እዚያ ያስቀምጣል። የእኔ ክኒን ፎቶ ኮፒውን ያቆማል እንጂ መሳቢያው ውስጥ ያለውን ኦሪጅናል አይነካም። ጉበቴ በጠባሳ እንዳይደድርና ወደ ካንሰር የመሄድ ዕድሉ እንዲቀንስ ያደርጋል፣ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን አይጨርስም።

ይሄንን አሁን እንደ መምህር አወራላችኋለሁ። ያኔ አልገባኝም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የቫይረስ መጠን ምርመራ አደረግኩ። ወረቀቱ ላይ «አልታየም» ይላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በዚያው ክኒኑን ተውኩት። ማንንም አላማከርኩም፣ ሐኪሟን እንኳ። በሦስተኛው ወር ላይ ይደክመኝ ጀመር። ምግብ ይሸተኛል። ሽንቴ ኮካ መሰለ። አክስቴ ዓይኔን አይታ «የወፍ በሽታ ነው» አለች። የሌሊት ወፍ ሳይነካህ አይቀርም ብላ ቅጠል የሚጨምቅ ሰው ታፈላልግልኝ ጀመር። አልተቀየምኳትም። እሷ እንኳ ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔ ነኝ ያላየሁትን የለም ያልኩት።

ሆስፒታል ስሄድ፣ ከ40 በታች መሆን የነበረበት የጉበት ኢንዛይም 900 ገብቷል። መድኃኒቱ ሲቆም ቫይረሱ ከመሳቢያው ወጥቶ ያለ ከልካይ ሲባዛ፣ ሰውነት ደግሞ ተነስቶ የራሱን ጉበት ሲመታ እንዲህ ይሆናል። በዚህ የሚሞት ሰው አለ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ያቺን የድሮ ወረቀት አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችና «የት ጋ ነው የለም የሚለው?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ክኒኑን ለመተው የቸኮልኩበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ቴኖፎቪር ለኤችአይቪም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። አንድ ቀን እህቴ ብልቃጡን አይታ ስሙን ስልኳ ላይ ፈለገች። ያን ማታ እራት አልበላችም። ምን እንደሆነች ሳላውቅ ሁለት ቀን ተኮራርፈን ከረምን። በኋላ ሁሉንም ነገርኳት። ለቢ ተመረመረች፣ ነጻ ሆነች፣ ሦስቱን ክትባት ወሰደች። እኔም ብሆን መድኃኒቱ ሊጀመርልኝ ሲል ኤችአይቪ ተመርምሬያለሁ። ያለበት ሰው ይህን አንዱን ብቻ ቢወስድ ኤችአይቪው ይላመደዋል።

የእኔ የጎንዮሽ ጉዳት? የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ያቅለሸልሸኝ ነበር። ከመኝታ በፊት መውሰድ ስጀምር ተወኝ። የሚያሳስበው ሌላው ነው፣ ድምፅ የሌለው። ቴኖፎቪር አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊት ይጎዳል፣ አጥንት ያሳሳል። ለዚህ ነው በየጊዜው ክሬአቲኒን፣ ማለትም የኩላሊት ምርመራ፣ የምለካው። ወገቤን ሲያመኝ ደግሞ እንደ ድሮው ፋርማሲ ገብቼ ዲክሎፌናክ አልገዛም። ሁለቱ ተደርበው ኩላሊት ላይ ይጨክናሉ። ለኩላሊትና ለአጥንት የሚሻል አዲስ ዓይነት ቴኖፎቪር አለ፣ 25 ሚሊግራም ብቻ። ኢንቴካቪርም አለ፣ እሱ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው። የእኔ ኩላሊት እስካሁን ደህና ስለሆነ አልቀየሩልኝም። ቢ ያለበት ሁሉ ደግሞ ክኒን አይጀምርም። ክትትል ብቻ የሚበቃው ብዙ ነው። ስለዚህ እኔን ሰምታችሁ ፋርማሲ እንዳትሮጡ፣ አደራ።

ባለፈው እሁድ አጎቴ ደወለ። እሱ እንደሆነ አንዴ ጨርሷል፣ መድኃኒት ሁሉ የሚያልቅ ይመስለዋል።

«እህሳ፣ ያንተ ክኒን ስንት ቀረህ?» አለኝ።

ተነስቼ ብልቃጡን አራገፍኩና ቆጠርኩ።

«አሥራ አንድ ፍሬ፣ ጋሼ።»

«ጎሽ! ልትጨርስ ነዋ።»

«አዎ። ሐሙስ ሌላ ብልቃጥ አመጣለሁ።»