«አስፈሪ» አይበቃም

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቻችን፣ እንግዶቻችን፤ እንኳን ለዓለም አቀፉ የትርጉም ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ ለመተርጎም ስላስቸገረኝ አንድ ቃል እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀብኝም። ቃሉ የጀርመኖች ነው፦ «ኡንሃይምሊሽ»። እንግሊዞች «አንካኒ» ይሉታል። እኛ ግን መጽሐፍ ላይም ሆነ ፊልም ላይ «አስፈሪ» ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ይህን ለመቃወም ነው።

መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። «ሃይም» ቤት ነው። ከእሱ «ሃይምሊሽ» ወጣ። የቤት፣ የለመድነው፣ የምናውቀው ማለት ነው። ግን ቤት በር አለው። በሩ ሲዘጋ ውስጥ ያለው ለውጭ ሰው አይታይም። ስለዚህ ያው ቃል «የተደበቀ፣ ምስጢር» የሚል ፍቺም ያዘ። የዛሬ ጀርመኖች «ሃይምሊሽ» ሲሉ በአብዛኛው «በድብቅ» ማለታቸው ነው። ፊቱ ላይ «ኡን» የምትባል አፍራሽ ሲጨመር፣ የለመድነው ነገር ድንገት ባዳ ሲሆንብን የሚሰማንን ስሜት ይገልጻል። «አንካኒ» ደግሞ ከስኮትላንድ የመጣ ነው፤ ሥሩም ማወቅ የሚለው ግስ ነው። ሁለቱም የሚያወሩት ስለሚታወቅ ነገር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1919 በዚሁ ቃል ርዕስ አንድ ድርሰት አሳተመ። ሰውዬው ሐኪም ነው፤ ቀድሞ የከፈተው ግን መዝገበ ቃላት ነው። ፍቺውን ገጽ በገጽ ገልብጦ አስቀመጠ። ይህን ሥራ የምንሠራ ሰዎች ልንኮራበት ይገባል። የደረሰበትም ይህ ነው፦ ስሜቱ የሚመጣው ጭራሽ ከማናውቀው ነገር አይደለም። ድሮ ከምናውቀው፣ ከቀበርነው፣ ከዚያ ተመልሶ ከመጣብን ነገር ነው።

በግርጌ ማስታወሻ ያሰፈራት አንዲት ገጠመኝ አለች። ከድርሰቱ ሁሉ እኔ የምወዳት እሷን ነው። ፍሮይድ በባቡር እየተጓዘ ነው። የመኝታ ክፍል ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። ባቡሩ በኃይል ይናጣል። የመታጠቢያ ክፍሉ በር ብርግድ ይላል። አንድ ሽማግሌ የቤት ካባ ለብሶ፣ የመንገድ ቆብ ደፍቶ ወደ እሱ ይመጣል። ፍሮይድ ሰውዬው መንገድ ስቶ የእሱ ክፍል የገባ መሰለው። ሊያስተካክለው ብድግ አለ። ያኔ ነው ነገሩ የገባው። ሽማግሌው ራሱ ነው! የተከፈተው በር ላይ ያለው መስታወት የራሱን መልክ እያሳየው ነው። የማልረሳው ከዚያ ቀጥሎ የጻፈውን ነው፤ የሰውዬውን መልክ ፈጽሞ እንዳልወደደው ያስታውሳል። ከዚያው አጠገብ የፊዚክስ ሊቁን የኤርንስት ማኽን ታሪክም ጠቅሷል። ማኽ አውቶቡስ ሊሳፈር ሲል ሌላ ሰው ሲገባ ያያል። «ምን ዓይነት ጎስቋላ መምህር ነው» ብሎ ያስባል። እሱም መስታወት ነበር።

እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ውስጥ አስፈሪ ነገር የቱ ነው? ጅብ የለ፣ ሽፍታ የለ። ያለው የራስ ፊት ነው።

ፍሮይድ የሌሎችን ቋንቋዎች ቃላትም ደርድሯል። ዓረብኛና ዕብራይስጥ ላይ ሲደርስ ግን በአንድ መስመር ያልፋቸዋል። በእነሱ ዘንድ ቃሉ ከሰይጣናዊና ከዘግናኝ ጋር አንድ ነው ይላል። የቋንቋ ዘመዶቻችን ናቸው። አማርኛን አላነሳም። ቢያነሳ ኖሮ ምን ብለን እንመልስለት ነበር?

እኔ መልስ አለኝ። ከእንግሊዝኛ አንድ አጭር ታሪክ ተርጉሜ ነበር። አንዲት ሴት ባሏን ቀብራ ቤቷ ትገባለች። ኮቱ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ስኒው ሳይታጠብ ቁጭ ብሏል። ሁሉም ነገር በቦታው ነው፤ ቤቱ ግን የእሷ አይመስልም። ብዙ አሰብኩና «ቤቱን ቆሌው ርቆታል» ብዬ ጻፍኩ። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ «ቤቱ አስፈሪ ነበር» ይላል። አርታኢውን ጠየቅሁት። «ቆሌ ባዕድ አምልኮ ነው፤ አንባቢ ይቀየማል» አለኝ።

የትኛው አንባቢ ነው የሚቀየመው? ሲደነግጥ «ቆሌዬ ተገፈፈ» የማይል ማን አለ? ቤተ ክርስቲያን የሚስመውም፣ መስጊድ የሚሰግደውም ይላል። እናቶቻችን ውበት የሌለውን ነገር «ቆሌ የለውም» ሲሉ የትኛውን ጣዖት እያመለኩ ነው? ሕዝብ በየቀኑ በአፉ የሚይዘውን ቃል አርታኢ ከወረቀት ላይ የመፋቅ ሥልጣን ከየት አመጣ? ቋንቋችን ደሃ ነው እያሉ ያላቅሱናል፤ ካዝናውን የቆለፉት ግን ራሳቸው ናቸው!

ለቅሶ ደርሳችሁ ታውቃላችሁ። ሰልስቱ ያልፋል። ድንኳኑ ይፈርሳል። የዕድሩ ወንበር ተቆጥሮ ይመለሳል። የሟች ጋቢ ግን ምስማሩ ላይ ነው። ያቺ ብቻዋን የቀረች ሴት «ቤቱ አስፈራኝ» አትልም። «ቤቱ ሊውጠኝ ነው» ትላለች። «ወና ሆነብኝ»፣ «ቀፈፈኝ» ትላለች። እነዚህ ሁሉ የእኛ ናቸው። «ቆሌ» ግን ከሁሉም ይበልጣል። የቤት ጠባቂ ነው ተብሎ ይታመንበት የነበረ ነው። እሱ ሲርቅ ግድግዳው ይቆማል፣ ቤትነቱ ይሄዳል። ጀርመኖቹ በቃላቸው ሊሉ የፈለጉት ይህንኑ ነው።

ስለ ቴክኖሎጂው ባጭሩ ልበል። ጃፓናዊው የሮቦት መሐንዲስ ማሳሂሮ ሞሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ሮቦት ሰውን እየመሰለ ሲመጣ እንደምንወደው፣ በጣም ሲመስል ግን ድንገት እንደምንሸሸው ጻፈ። ምሳሌው ሰው ሠራሽ እጅ ነው። ሲያዩት እውነተኛ ይመስላል፤ ሲጨብጡት ይቀዘቅዛል። ይህም ያው የለመድነው ነገር ባዳ ሲሆንብን ነው። ሶፊያ የምትባለው ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ዛሬ ደግሞ ስልካችን ላይ ማሽን የሠራቸው ፊቶች በአማርኛ ያወሩናል። ስለዚህ ቃሉ ለልብ ወለድ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገን።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ቤታችሁ ስትደርሱ የያዛችሁትን ረቂቅ ክፈቱ። «አስፈሪ» ያላችሁበትን ሁሉ ፈልጉ። ጅብ ከሆነ፣ ጦርነት ከሆነ፣ ተዉት። የሚያውቁት ነገር ባዳ የሆነበት ቦታ ከሆነ ግን ሰርዙትና «ቆሌ»ን አስገቡ። አርታኢው ከሰረዘባችሁ፣ መልሳችሁ ጻፉት።

አመሰግናለሁ።